ስለ መጪው ዘመን የተሠራ ፊልም ሲያረጅ የሚሰጠው ትምህርት

የታሪክ ጸሓፊ ሥራው ያለፈውን መመርመር ነው። ካለፉት ነገሮች መካከል ግን እምብዛም የማይመረመር አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም የቀደሙ ሰዎች ስለ መጪው ዘመን ያሰቡት ሐሳብ ነው። ንጉሥ ያወጀው ዐዋጅ፣ ጦር የተዋጋበት ሜዳ፣ ነጋዴ የተጓዘበት መንገድ በመዝገብ ይገኛል። አንድ ትውልድ ነገን እንዴት አድርጎ እንደ ጠበቀው፣ ምን ተስፋ እንዳደረገና ምን እንደ ፈራ የሚናገረው መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በልብ ወለድ መጽሐፍና በሲኒማ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። የተቀጠረው ዘመን ደርሶ ካለፈ በኋላ ያን ሐሳብ እንደ ገና አውጥቶ ከሆነው ነገር ጋራ ማመዛዘን ጠቃሚ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው ‹‹2001፦ የጠፈር ኦዲሲ›› የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊልም ነው። ስሙን የወሰደው የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ አንድ ጀግና ረዥም የባሕር ጉዞ ከተረከው መጽሐፍ ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በ1968 ሲሆን፣ የሚተርከው ግን ከዚያ 33 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ዘመን ነበር። የዘመኑን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የምንጽፈውም የፊልሙ ስም ራሱ በዚያ አቈጣጠር ስለ ተሰየመ ነው። ይኸው ፊልም 50 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በሜይ 12 ቀን 2018፣ በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም በዓል ላይ እንደ ገና ታየ።

የዚያን ቀን የታየው ቅጅ በአዲስ መሣሪያ ታድሶ የተዋበ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ነጋቲቭ ተነሥቶ፣ ስፋቱ 70 ሚሊሜትር በሆነ ፊልም ላይ በቀድሞው ዘዴ የታተመ ነበር እንጂ። ዓላማውም የ1968 ተመልካች ያየውን ያንኑ ሥዕል ለ2018 ተመልካች ማሳየት ነበር። ፊልሙን ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስተዋወቁት በእንግሊዝ አገር የተወለዱት የፊልም አዘጋጅ ሚስተር ክሪስቶፈር ኖላን ናቸው። ፊልሙን ያዘጋጁት ሚስተር ስታንሊ ኩብሪክ በ1999፣ ማለት ፊልማቸው የቀጠረው ዘመን ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ዐርፈው ስለ ነበር ልጃቸው ካታሪና ኩብሪክ በስፍራው ተገኝተዋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የፊልሙ ዋና ተዋናይ ሚስተር ኪር ዱሌይ ከተመልካቹ ጋራ መገኘታቸው ነው።

ሚስተር ዱሌይ በ1936 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። ፊልሙ ሲነሣ ዕድሜያቸው ወደ 30 ዓመት የሚሆን ጐልማሳ ነበሩ፤ በካን ሲገኙ ግን የ81 ዓመት አረጋዊ ነበሩ። በፊልሙ መጨረሻ ላይ እርሳቸው የሚጫወቱት ጠፈርተኛ፣ ዴቪድ ቦውማን፣ በአንድ ነጭ ክፍል ውስጥ ራሱን ሲያረጅ ያያል። መጀመሪያ የሸበተ ሰው፣ ቀጥሎም ለማዕድ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ በመጨረሻም በአልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን የሚጠባበቅ አረጋዊ ይሆናል። ይህ እርጅና በጐልማሳ ፊት ላይ በመዋቢያ ጥበብ የተሠራ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ባለ ፊቱ ራሳቸው እውነተኛውን እርጅና ይዘው በተሠራው እርጅና ፊት ለመቀመጥ በቁ። ይህ ዕድል ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደርስ ነው።

በዚያው ነጭ ክፍል ውስጥ ሽማግሌው ሲመገብ የወይን ብርጭቆው ከማዕዱ ላይ ወድቆ ይሰበራል። ስለዚህ ብርጭቆ ብዙ የፊልም ሊቃውንት ረቂቅ ትርጓሜ ጽፈዋል። ሚስተር ዱሌይ ግን በኋላ ዘመን እንደ ተናገሩት፣ ብርጭቆውን የመጣሉን ሐሳብ ለአዘጋጁ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ አሮጌን ፊልም ምስክሩ በሕይወት ሳለ እንደ ገና መመልከት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። ሥዕሉ የተደረገውን ያሳያል፤ ማን እንዳሰበውና እንዴት እንደ ተደረገ የሚያስረዳው ግን በስፍራው የነበረ ሰው ነው።

የፊልሙ መነሻ በ1964 የጸደይ ወራት ነው። ሚስተር ኩብሪክ በኒው ዮርክ ከተማ እንግሊዛዊውን ደራሲ ሚስተር አርተር ክላርክን አግኝተው፣ ሰው በጠፈር ውስጥ ስላለው ስፍራ አንድ ትልቅ ሥራ አብረው ለመድረስ ተስማሙ። ሚስተር ክላርክ ተራ የልብ ወለድ ጸሓፊ አልነበሩም። በ1945 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ በከፍታ የሚቀመጡ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ድምፅንና ሥዕልን ከአህጉር ወደ አህጉር ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በማንም አገር ከመጀመሩ በፊት በስሌት አስረድተው ነበር።

የፊልሙ መነሣት በ1965 መጨረሻ በለንደን አጠገብ ባሉ ስቱዲዮዎች ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ሥዕል የሚሥል ኮምፒዩተር ስላልነበረ፣ መንኰራኵሮቹ ሁሉ በእጅ የተሠሩ ሞዴሎች ነበሩ። ጠፈርተኞቹ የሚኖሩበትን ክፍል ለማሳየት ከዳር እስከ ዳር 11 ሜትር ተኩል የሚያህል ታላቅ መንኰራኵር ከብረት ተሠራ። መንኰራኵሩ ሲዞር ተዋናዩ ከታች እየተራመደ ይቈያል፤ ተመልካቹ ግን ሰውየው በግድግዳና በጣራ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። ለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ 750 ሺሕ ዶላር ወጣ፤ የፊልሙም ጠቅላላ ወጪ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ከፍ ያለ ገንዘብ ነው።

ፊልሙ በኤፕሪል 2 ቀን 1968 በዋሽንግተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተጠበቀውን ምስጋና አላገኘም። የመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች ያህል አንድ ቃል እንኳ አይነገርባቸውም፤ ብዙ ተመልካቾችም ታክቷቸው ሳይጨርሱ ወጡ። ሚስተር ኩብሪክ በጥቂት ቀናት ውስጥ 19 ደቂቃ ያህል ቈረጡለት። ከዚያ በኋላ ወጣቶች እየተመላለሱ ያዩት ጀመር፤ ታላላቆቹ የነቀፉትን ታናናሾቹ አነሡት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሦስት አሜሪካውያን ጨረቃን ዞሩ፤ በጁላይ 1969 ደግሞ ሰው ጨረቃን ረገጠ።

የዚያ ትውልድ ተስፋ የሞኝ ተስፋ እንዳልነበረ ለመረዳት ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ማስተዋል ያስፈልጋል። የሶቪየቱ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ምድርን ከዞረ በኋላ ጨረቃ እስክትረገጥ ድረስ ያለፈው ጊዜ 8 ዓመት ብቻ ነው። በ8 ዓመት ይህን ያህል የተራመደ ሰው በ33 ዓመት ከየት ሊደርስ ይችላል ብሎ ያሰበ ሁሉ በጨረቃ ላይ መንደር፣ ወደ ጁፒተር የሚጓዝ መርከብ ቢታየው አያስደንቅም።

አሁን ሚዛኑን እናንሣ። በፊልሙ ውስጥ ሰዎች በጨረቃ ላይ ሰፍረው ይኖራሉ፤ በእውነተኛው ታሪክ ግን በጨረቃ ላይ የነበሩት የመጨረሻዎቹ አሜሪካውያን በዲሴምበር 1972 ከተመለሱ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ማንም አልረገጣትም። በፊልሙ ውስጥ ወደ ጠፈር መንገደኛ የሚያመላልሰው ፓን አም የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው፤ ይህ ኩባንያ ግን በ1991 ሥራውን አቆመ። በፊልሙ ውስጥ የሶቪየት ሊቃውንት ከአሜሪካዊው ባለሥልጣን ጋራ በጠፈር ማረፊያ ይወያያሉ፤ የሶቪየት ኅብረት ግን በዚያው በ1991 ፈረሰ። በሌላ ወገን ደግሞ ፊልሙ የመታው ነገር ጥቂት አይደለም። ጠፈርተኞቹ ምሳቸውን እየበሉ በጠፍጣፋ ገበታ ላይ ዜና ያያሉ፤ አባት ከሩቅ ሆኖ የልጁን መልክ እያየ በስልክ ያነጋግራል፤ ኮምፒዩተር ሰውን በሰንጠረዥ ጨዋታ ያሸንፋል። የመጨረሻው በ1997 የዓለሙ አሸናፊ ጋሪ ካስፓሮቭ በኮምፒዩተር በተረታ ጊዜ ተፈጸመ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ከኖቬምበር 2000 ጀምሮ ሰው ይኖርበት ጀመር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን ፊልሙ ጨርሶ ያላሰበው ነገር ነው። ጥቂት የሶቪየት ሴቶች ሊቃውንት ከመታየታቸው በቀር፣ በ2001 ጠፈር ውስጥ የምናያቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምግብ አቅራቢዎችና እንግዳ ተቀባዮች ናቸው። ፊልሙ ከመታየቱ 5 ዓመት አስቀድሞ ግን ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ የተባለች የሶቪየት ሴት በ1963 ብቻዋን በጠፈር ውስጥ ምድርን ዞራ ነበር። እነዚያ ጠቢባን መሣሪያው እንደሚለወጥ አዩ፤ ማኅበሩ እንደሚለወጥ ግን አላዩም። የመጪውን ዘመን ነገር የሚተነብይ ሁሉ የሚሰናከልበት ድንጋይ ይህ ነው፤ ማሽኑን አዲስ ያደርግና ሰዎቹን በነበሩበት ስፍራ ይተዋቸዋል።

የፊልሙ እምብርት ግን ሃል የተባለው ኮምፒዩተር ነው። ወደ ጁፒተር በሚጓዘው መርከብ ውስጥ ካሉት አምስት ሰዎች ሦስቱ በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ተኝተዋል፤ የነቁት ቦውማንና ባልደረባው ፍራንክ ፑል ብቻ ናቸው። መርከቡን የሚመራውና በለዘበ ድምፅ የሚያነጋግራቸው ሃል ነው። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከምድር ጋራ የሚያገናኘው አንቴና ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ሊበላሽ ነው ብሎ ያስታውቃል፤ ዕቃው ወጥቶ ሲመረመር ግን ምንም ጕድለት አይገኝበትም። ሃል ስሕተቱ የሰው እንጂ የእርሱ ሊሆን እንደማይችል ይናገራል። ሰዎቹ ሊያጠፉት መምከራቸውን ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ በተረዳ ጊዜ ፑልን ይገድለዋል፤ የተኙትንም ሦስት ሰዎች በእንቅልፋቸው ይፈጃቸዋል። በመጨረሻም ቦውማን ብቻውን ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብቶ የማስታወሻ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ያጠፋዋል።

በዚህ የሰውና የመሣሪያ ክርክር ውስጥ ሚስተር ዱሌይ ያነጋገሩት ሃል በእውነቱ በስፍራው አልነበረም። የሃል ድምፅ የካናዳዊው ተዋናይ የሚስተር ዳግላስ ሬይን ነው፤ እርሱም የተቀረጸው ተዋናዮቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። ፊልሙ ሲነሣ የሃልን ቃል የሚያነብላቸው የአዘጋጁ ረዳት ነበር። ሚስተር ሬይን በካን ፊልሙ በታየበት በዚያው በ2018 በኖቬምበር ወር በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለዚህ ተመልካቹ በሁለት ባላንጣዎች መካከል የተደረገ ትግል አድርጎ የሚያየው ነገር፣ አንድ ሰው ብቻውን በሌለ ድምፅ ፊት የሠራው ሥራ ነው። ይህን ማወቅ የተዋናዩን ችሎታ ያስመሰግናል፤ ከዚህም ሌላ በመሣሪያው ውስጥ ያየነው የመሰለን ነፍስ ሰዎች የሰጡት እንደ ሆነ ያሳስበናል።

ብዙ ሰው የሃልን ታሪክ መሣሪያ በጌታው ላይ ያመፀበት ታሪክ አድርጎ ይወስደዋል። በጥንቃቄ ለተመለከተው ግን ሌላ ትርጓሜ አለው። ሃል እንደ ጠፋ ወዲያው አስቀድሞ የተቀረጸ የአንድ ባለሥልጣን መልእክት ይታያል። መልእክቱም የጉዞው እውነተኛ ምክንያት ለምስጢር ሲባል ተሰውሮ እንደ ቈየ፣ በጉዞውም ላይ ከሃል በቀር ያወቀው እንዳልነበረ ያስረዳል። ሚስተር ክላርክ በ1982 ባሳተሙት ተከታይ መጽሐፍ ነገሩን ግልጽ አድርገውታል። ሃል የተሠራው መረጃን ሳያዛባና ሳይሰውር እንዲያቀርብ ነበር፤ በኋላ ግን ከዚሁ ጋራ እውነቱን ከባልደረቦቹ እንዲደብቅ ታዘዘ። ሁለቱ ትእዛዞች ሊስማሙ ስላልቻሉ አእምሮው ታወከ።

ይህ ነገር በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። ለአንድ ጸሓፊ ‹‹ለባለጉዳይ እውነቱን ንገር›› የሚልና ‹‹ምክንያቱን ሰውር›› የሚል ሁለት ትእዛዝ ከአንድ ቢሮ ቢደርሰው ምን ያደርጋል? ሰው ነውና ወደ አለቃው ገብቶ ይጠይቃል፤ ወይም ባለጉዳዩን ነገ ና እያለ ያመላልሳል፤ ወይም ኅሊናው እምቢ ካለው ሥራውን ይለቃል። መሣሪያ ግን ኅሊና ስለሌለው የተሰጠውን ሁለቱንም ለመፈጸም ይጥራል፤ ከሁለቱ መካከል የሚጨፈለቀውም ባለጉዳዩ ነው። በ1968 ይህ ሐሳብ የልብ ወለድ ነበር። በዛሬው ጊዜ በሰው ቋንቋ ተጠይቀው በሰው ቋንቋ የሚመልሱ ኮምፒዩተሮች በየመሥሪያ ቤቱ እየገቡ ነው፤ በአማርኛ የሚመልሱም አሉ። ስለዚህ መሣሪያው ያምፅብን ይሆን ብሎ ከመፍራት በፊት፣ ያዘዝነው ትእዛዝ ቅን ነውን? ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። አበው ‹‹ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል›› ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የሰውና የመሣሪያ ነገር በፊልሙ ውስጥ የሚጀምረው ግን በሃል አይደለም፤ መጀመሪያው ክፍል ‹‹የሰው ልጅ ንጋት›› የሚባለው ነው፤ ስፍራውም አፍሪካ ነው። በውኃ ጕድጓድ አጠገብ የተራቡ ዝንጀሮ መሰል ፍጥረቶች ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ የእንስሳ አጥንት አንሥቶ በዱላነት መጠቀምን ይማራል፤ በመጀመሪያ አውሬ ይገድልበታል፤ ቀጥሎም በውኃው የሚሻማውን ባላንጣውን ይገድልበታል። አጥንቱን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፤ በዐይን ጥቅሻ ጊዜም ሥዕሉ ተለውጦ መንኰራኵር በጠፈር ሲሄድ ይታያል። በኋላ በፊልሙ ውስጥ ከሚነገረው እንደምንረዳው ይህ የሆነው ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ተዋናዮቹ ቆዳ ለብሰው የሠሩት በእንግሊዝ ስቱዲዮ ነው፤ ከኋላቸው የሚታየው ተራራና በረሃ ግን ዛሬ ናሚቢያ ከምትባለው አገር በተነሡ ፎቶግራፎች የተገኘ ነው።

ይህ ሐሳብ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሬይመንድ ዳርት በዋሻ ውስጥ የተገኙ የተሰባበሩ አጥንቶችን መርምረው፣ የሰው ቅድመ አያት በአጥንት ዱላ የሚገድል አዳኝ ነበር ብለው ያስተምሩ ነበር። ሮበርት አርድሬይ የተባሉ አሜሪካዊ ጸሓፊ በ1961 ባወጡት መጽሐፍ ይህን ትምህርት ለሕዝብ አሠራጩት፤ ሚስተር ክላርክም ድርሰቱን ሲጽፉ ይህን መጽሐፍ አንብበው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በደቡብ አፍሪካ ይሠሩ የነበሩት ሊቅ ቻርልስ ብሬን በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ አጥንቶችን የሰባበሩትና የከመሩት ነብርን የመሰሉ አራዊት እንደ ሆኑ አሳዩ። በአንድ የራስ ቅል ላይ የሚታዩት ሁለት ቀዳዳዎች ከነብር ጥርስ ጋራ ልክ ለልክ ገጠሙ። እንግዲህ ያ ጥንታዊ ፍጥረት በዚያ ዋሻ ታዳኝ እንጂ አዳኝ አልነበረም።

ለዚህ ክርክር ታላቁን ምስክርነት የሰጠችው ደግሞ አገራችን ናት። ፊልሙ ሲሠራ ከአፋር አፈር ይህን የሚመለከት አንድም ቅሪት ገና አልወጣም ነበር። በኖቬምበር 1974 በሐዳር 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ ተገኘች። ከ1992 ጀምሮ በመካከለኛው አዋሽ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የአርዲፒቴከስ ራሚደስ ቅሪት ተገኘ፤ በ2009 የወጣው ጥናትም የወንዶቹ የውሻ ክራንቻ ትንሽ መሆኑን ገልጾ፣ ይህ በመካከላቸው ጠብ የቀነሰ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ፊልሙ የጠቀሰው ዘመን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚውል ነው። ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በ1997 ከጎና ያስታወቋቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያላቸው ስለታሞች ናቸው። በ1999 ከቡሪ በታወቀው ግኝት ደግሞ፣ በዚያው ዘመን ሥጋ ከአጥንት በድንጋይ እንደ ተገፈፈና መቅን ለማውጣት አጥንት እንደ ተሰበረ ታወቀ። በኬንያ በ2015 የታወቁት 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎችም የሥራውን ዘመን ወደ ኋላ ገፉት።

በእርግጥ እንጨት ይበሰብሳልና በዚያ ዘመን ዱላ አልነበረም ብሎ መማል አይቻልም። ቢሆንም ፊልሙ የመጀመሪያው መሣሪያ የመግደያ ዱላ ነው ሲል፣ የአፋር አፈር ያስረከበን መሣሪያ ግን የመብል ቢላዋ ነው። የልዩነቱ ትርጕም ቀላል አይደለም። የሰው ጥበብ በነፍስ ግድያ ተጀመረ ብሎ የሚያምን ተማሪ፣ መሣሪያ ሁሉ ከሥሩ የተረገመ ነው፣ ሃልም ቢገድል የባሕርዩ ነው ወደ ማለት ይደርሳል። ጥበብ የተጀመረው ልጅን ለመመገብና ከሌሎች ጋራ ለመካፈል ሊሆን እንደሚችል የተረዳ ተማሪ ግን፣ መሣሪያው የያዘው እጅና የታዘዘው ትእዛዝ አገልጋይ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ኀላፊነቱንም ወደ መሣሪያው አያሸጋግርም።

ከዚህ የተነሣ በካን የታየው አሮጌ ፊልም ባይታደስ ደግ ሆነ እንላለን። ስሕተቱ ተስተካክሎ ቢቀርብ ኖሮ የ1968 ሰው ምን እንዳሰበ አናይበትም ነበር። ስለ ዓመታቱና ስለ መርከቦቹ የተናገረው ብዙው አልሆነም፤ ስለ ሰው አመጣጥ የተናገረውንም የራሳችን ምድር አርሞታል፤ ስለ ትእዛዝና ስለ ምስጢር የተናገረው ግን ከዘመኑ ይልቅ ለዛሬ የሚስማማ ሆኗል። መምህራን ይህን ፊልም ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፣ ከፊልሙ አጠገብ የጎናን ድንጋይና የድንቅነሽን ታሪክ ቢያኖሩ፣ ከአንድ ቀን ትምህርት ሦስት ዘመን ይታወቃል፤ የጥንቱ፣ የ1968ቱና የእኛ። እኛም ዛሬ ስለ ነገ የምንጽፈው ዕቅድና የምንሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ከ50 ዓመት በኋላ እንዲሁ በሚዛን ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ሚዛኑን የሚይዙትም ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ናቸው።